የባንቺአየሁ እሑዶች

«ያዝ እንጂ፣ ማሩ! በባዶ ሆድ እንዴት ይለቀሳል?» አለ ፀሐዩ፣ የአረቄውን መለኪያ ወደ ሐዘንተኛው አፍ አስጠግቶ።

ማሩ እጁን ከጋቢው ውስጥ አላወጣም። ባለቤቱ ባንቺአየሁ በወባ ሞታ ከተቀበረች ሁለተኛው ቀን ነበር። እሱ በመንግሥት እርሻ የትራክተር መካኒክ ነው፤ ፀሐዩም የሥራ ባልደረባው። ከእርሻው በተዋሱት ሸራ ሥር ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላው ተቀምጠዋል።

«ኋላ» አለ ማሩ።

«ኋላ፣ ኋላ! እሷ ብትኖር ራሷ ትቀዳልህ አልነበር?»

ነገሩ እውነት ነበር፤ ማሩንም የከነከነው ይኸው ነው። ተው እያለች ስትለምነው የኖረች ሴት፣ ማታ ማታ አረቄውን ገዝታ ከፊቱ ታስቀምጥለት ነበር። ዛሬ አንዷን መለኪያ ከቀመሰ እንደማያቆም፣ በሚስቱም ለቅሶ ላይ ሰክሮ እንደሚወድቅ ያውቃል። ጉሮሮው ግን ነድዶ ሊያልቅ ደርሷል።

ባለፈው ዓመት የሰሊጡ አጨዳ ሲያበቃ ሰክሮ ወድቆ ክንዱ ተሰብሮ ነበር። ባንቺአየሁ ክሊኒክ ወሰደችው። ድሬሰሩ ማተቤ ክንዱን እያሰረ፣ መጠጥ ለመተው የሚታገሉ ሰዎች እሑድ ከሰዓት በኋላ በሐሚዳ ሻሂ ቤት እንደሚሰበሰቡ፣ እሱም ከእነርሱ አንዱ እንደሆነ ነገራት። እሷ ለምና፣ አልቅሳ ማሩን ላከችው።

ማሩም ሄደ። ሻሂው ቀረበለት። ከዚያ አንድ ጎልማሳ ብድግ ብሎ፣ ጥፋቱን አንድ በአንድ ይናገር ጀመር። ማሩ እንዲህ ያለ ነገር የሚያውቀው ከእርሻው ስብሰባ ነው። ግለ ሂስ አድርግ ተብሎ እንዲሁ ቆሞ የተናገረ ጓደኛው፣ በማግሥቱ በላንድሮቨር ተወስዶ በዚያው ቀርቷል። ተራው ሳይደርስ ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ።

«ለቀበሌ አፌን አልከፍትም» አላት ለሚስቱ። «ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ!»

አላነሣችበትም። ከዚያ ወዲህ ግን እሑድ እሑድ መሠረተ ትምህርት እያለች ትወጣ ጀመር። ዓመቱን ሙሉ ተመላልሳ ስሟን መጻፍ አለመቻሏ ያስቀው ነበር። «መምህሩ ነው የደነዘዘው ወይስ አንቺ?» ይላታል። «ሁለታችንም» ትለዋለች፣ ነጠላዋን እያጣፋች።

ወደ ቀትር ላይ ማተቤና ሐሚዳ ከጥቂት ሰዎች ጋር ወደ ለቅሶው ገቡ።

«ጓድ ድሬሰር! መርፌህን ይዘህ ነው የመጣኸው?» አለ ፀሐዩ።

«ላንተማ የበሬውን ነበር መያዝ» አለና ማተቤ ከማሩ አጠገብ ተቀመጠ።

ከሴቶቹ ወገን የሐሚዳ ድምፅ ተሰማ። «ባንቺዬ! የእሑድ እህቴ! ሳትሰናበቺኝ?»

ማሩ ቀና አለ። «ይህች ሴት ባለቤቴን ከየት ታውቃታለች?»

ማተቤ ደነገጠ። «አልነገረችዎትም? አንድ እሑድ አልቀረችብንም እኮ።»

«እሷ መጠጥ በአፏ አይዞርም። ምን ልትሠራ?» ጠየቀና መልሱን ራሱ ያገኘው መሰለው፤ ፊቱ ጋለ። «እኔን ልታማ ነዋ! በከተማው ፊት አዋርዳኝ ነው የሞተችው!»

«በዚያ የሚነገረውን አውጥተን አንናገርም። የሚጽፍም፣ ለቀበሌ የሚያደርስም የለም። እኔም ከዚህ በላይ አልልዎትም» አለ ማተቤ።

ሐሚዳ ግን ሰምታ ኖሮ ተነሥታ መጣች። ሐዘንተኛውን እንደምታጽናና ሁሉ ከፊቱ በርከክ ብላ በሹክሹክታ ተናገረች።

«አያ ማሩ፣ አላህ ጽናቱን ይስጥዎት። ይህን በሆድዎ ይዘው አይቀመጡ። የአንቱ ክፉ ከአፏ አልወጣም። የምትናገረው የራሷን ነበር።»

«የምን የራሷን?»

«‹አረቄውን የምገዛለት እኔ ነኝ› ትለን ነበር። ‹ከሰው ፊት ሲጠጣ መንግሥትን ይሳደባል፤ ይወስዱብኛል። ቤት ሲጠጣ በሩን ዘግቼ ብቻዬን እሰማዋለሁ። ከእስር ላድነው ብዬ በገዛ እጄ እየገደልሁት ነው› ትላለች። ከዚያ ታለቅሳለች።»

ማሩ በሰከረባቸው ሌሊቶች በሩን የዘጋችው የእሱን ውርደት ለመሸሸግ ይመስለው ነበር።

«እኛም ‹አንቺ ምን አጠፋሽ? አትድከሚ› ብንላት አልሰማችንም» አለች ሐሚዳ። «‹ይመጣል፤ እስኪመጣ ቦታውን እኔ እይዝለታለሁ› ነበር መልሷ።»

ይህን ብላ ወደ ሴቶቹ ወገን ተመለሰች።

ፀሐዩ መለኪያውን ይዞ እንደገና ጎንበስ አለ። «አሁንስ? ስለ እሷ ነፍስ አንዲት ብቻ!»

ማሩ አላየውም። ከተቀበረች ጀምሮ እንባ ያልወጣው ዐይኑ ርሶ ነበር።

«ሐሚዳ!» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ፤ ለቀስተኛው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። «የት ነበር የምትቀመጠው?»

«እዚህ፣ ከጎኔ» አለች ሐሚዳ፣ በስተግራዋ ያለውን ምንጣፍ በመዳፏ መታ መታ አድርጋ።

ማሩ ብድግ አለ። ወንዶቹን አልፎ ወደ ሴቶቹ ወገን አቀና።

«ኧረ ማሩ፣ ያ የሴቶች ነው!» አለ ፀሐዩ ከኋላው።

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩና ፈቀቅ ፈቀቅ አሉለት። ማሩ ጫማውን አወለቀ፤ እግሩን አጥፎ ከሐሚዳ በስተግራ ተቀመጠ።