በዘንገና ሜዳ የወለቀው ጥርስ

ዘንገና ሜዳ ላይ የወለቀን ጥርስ የመዳኘት ሥልጣን የማን ነው? ይህን የጠየቁኝ አጎቴ አያ ውዱ ናቸው። ሔግ ከተማ የዓለም አቀፍ ወንጀል ሕግ ተምሬ በ2006 ዓ.ም. ወደ አገሬ ቆሰበር ከተመለስኩ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ነበር። የተማርኩት እዚህ ምን እንደሚፈይድ እኔም እጠራጠር ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኅዳር መጀመሪያ፣ በአንድ ሠርግ ጉግስ ላይ፣ ከጎረቤት ከተማ ከአዲስ ቅዳም የመጣ ስማቸው የሚባል ፈረሰኛ ከአያ ውዱ ፈረስ ጋር ተጋጭቶ ወደቀና የፊት ጥርሱ ወለቀ። ሆን ብለው ነው የገፉኝ ብሎ ለአገሩ ሽማግሌዎች ከሰሰ። ከተፈረደባቸው ዳማው ፈረሳቸው በጥር የፈረሰኞች በዓል አይሰለፍም። አያ ውዱ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩት ለዚያች ቀን ነው።

ሽማግሌዎቹ አዲስ ቅዳም፣ ከብሳና ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ለአጎቴ ልከራከር ተነሥቼ የተማርኩትን ዘረገፍኩት። ድርጊቱ የተፈጸመው እኛ ዘንድ፣ ዘንገና ነው፤ ተከሳሹም የእኛ ሰው ናቸው፤ ስለዚህ ቀዳሚው ሥልጣን የቆሰበር ሽማግሌዎች ነው አልኩ። ሔግ ያለው ፍርድ ቤት እንኳ ጣልቃ የሚገባው የአገሬው ዳኛ መፍረድ ሲያቅተው ወይም ሳይፈልግ ሲቀር ብቻ ነው። አያ ውዱ ጋቢያቸውን አስተካክለው በኩራት ዙሪያቸውን ቃኙ።

የሸንጎው አንጋፋ አያ አዝመራው በትዕግሥት ሰምተው የሽማግሌዎቻችንን ስም ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«በዛብህ የውዱ አማች፣ ዓለምነው አበልጁ፣ ይኸነው ሠርጉን የደገሰው» አሉ። «ሁለት ወር ሙሉ ለዚህ ነገር አልተቀመጡም። አቅቷቸው ነው ወይስ አልፈለጉም፣ ልጄ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ርቄ ስኖር ማን ከማን እንደተዛመደ ሳልጠይቅ ነበር ለክርክር የቆምኩት። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

አያ ውዱ ተነሡ። «ልጅቷን ተዉአት። ገፍቼዋለሁ። ፈረሴን አህያ አለው።»

«እንዲያማ ከሆነ ያስገፋል» አለ አንዱ ከኋላ።

ፍርዱ አጭር ነበር። ዳማው ይሰለፋል፤ ዘንድሮ ግን የሚጋልበው፣ አህያ ብሎ የሰደበው ስማቸው ራሱ ነው። ስማቸው በጎደለ ጥርሱ ፈገግ አለ። አያ ውዱም ጥቂት አሰላስለው ተስማሙ።

በበዓሉ ጠዋት ፈረሱን አስጊጠው ካስረከቡ በኋላ ስልኬን አስወጥተው ለስማቸው መልእክት አጻፉኝ፦ «ግራ ጆሮውን አትንካው። ልጓሙን አታጥብቅበት። ሲሮጥ ፎክርለት፣ ይወዳል።» ላክሁት። ስማቸው አቧራ እያስነሣ ሦስት ጊዜ በፊታችን አለፈ። ባለፈ ቁጥር አያ ውዱ መልስ መጣ ወይ ይሉኛል። አልመጣም።