ዝግ ከሆነ ደህና ነው

በዚህ ቤተሰብ ዘንድ የአባትየው ስልክ ዝግ ከሆነ አባትየው ደህና ናቸው ማለት ነበር። ሌላው ሰው የአባቱ ስልክ ዝግ ነው ሲባል ልቡ ድንግጥ ይላል፤ እነዚህ ግን ይስቃሉ። «አባባ እየወጣ ነው» ይባባላሉ፣ አለቀ። ነገሩ ለሰሚው ግራ ነውና ከመነሻው መጀመር ይሻላል።

ሽማግሌው ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሚስታቸው ከሞተች በኋላ ሁለቱ ልጆቻቸው እየተፈራረቁ «እኛ ጋ ና» ብለው ለመኗቸው፤ እሳቸው ግን ንቅንቅ አላሉም። «መኪናዬ በሌለበት ቤት እንቅልፍ አይወስደኝም» አሉ። መኪና የሚሉት የስፌት መኪናቸውን ነው። እናም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለችው ሁለት ክፍል ቤታቸው ከመኪናቸው ጋር ቀሩ።

ታላቂቱ ልጃቸው በአንድ ትልቅ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ አንሶላ ተኳሽ ናት። ታናሽ ወንድሟ ዳቦ የሚያከፋፍል መኪና ይነዳል። አባቱ «ጥሩምባ» ይሉታል፤ የመኪናውንም የአፉንም ድምፅ ሰምተው ያወጡለት ስም ነው። ሁለቱም ከአባታቸው ቤት ርቀው፣ በከተማው ወዲያና ወዲህ ማዶ ይኖራሉ። ሥራ ደግሞ የእረፍት ቀን ካልሆነ አያስመጣም። ስለዚህ ከአባታቸው ጋር የሚያገናኛቸው ያው ስልክ ብቻ ነበር።

ስልኩም እንደ ባለቤቱ አርጅቷል። ከመስታወቱ ሥር መሀል ላይ ያለችው፣ ሆም የሚሏት ቁልፍ አንድ ቀን ሞተች። ሰው የትም ገብቶ ቢጠፋ አንዴ ሲጫናት ወደ መጀመሪያው ገጽ የምትመልሰው እሷ ናት። ስትሞት ደግሞ ብቻዋን አልሞተችም፤ ከጎኗ ያለችውን ወደ ኋላ የምትመልሰውንም ይዛ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ሽማግሌው አንድ ቦታ ከገቡ ገቡ ነው፤ መውጫ የላቸውም።

ሰው ግን መላ አያጣም። እሳቸውም ስልኩን ጨርሶ አጥፍቶ ማብራት መውጫ እንደሚሆን ደረሱበት። «በበሩ ካልተወጣ ቤቱን አፍርሶ መውጣት ነው» ይሉ ነበር እየሳቁ። ችግሩ ስልኩ እንደ ሰነፍ ተማሪ ነው፣ ከተኛ ለመነሳት ሲንጠራራ ይውላል። ሲነሳም የሲም ኮድ ካላስገቡልኝ ይላል። ኮዱን ያስገባው ጥሩምባ ነው። አባቱ ስልኩን አንድ ጊዜ ታክሲ ውስጥ ረስተውት በስንት ልመና ከተመለሰ በኋላ «ሁለተኛ ማንም አይጫወትበትም» ብሎ ቆለፈው። ኮዱ እናቱ የተወለደችበት ዓመት ነው። ኮዱ እስኪገባ ድረስ የሚደውል ሁሉ ያቺን «ዝግ ነው» የምትለውን ሴትዮ ድምፅ ይሰማል።

ገብተው የሚጠፉትስ የት ነው? ከሚስታቸው ፎቶ ላይ ነዋ። በረንዳ ላይ ቆማ፣ ፀሐይ አይኗን አጨናብሷት፣ እሳቸው የሰፉላትን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ የተነሳችው ነው። በሁለት ጣታቸው አቅርበው አቅርበው ኮሌታው ላይ ይደርሳሉ። ኮሌታው ወደ ግራ ጠሟል። «የስንቱን ሰው አሳምሬ ያንቺን አበላሸሁት» ይሏታል በየማለዳው። እሷ ያን ቀሚስ እስኪያልቅ ለብሳዋለች፤ አንድ ቀን እንኳን ጠማማ ነው አላለቻቸውም። ይህ ያስለቅሳቸው ነበር፤ ደግሞም ደስ ይላቸው ነበር።

ተኳሿ ልጅ አንድ ቀን ስልኩን ይዛ ወደ ጠጋኝ ሄደች። ከመስኮት የማትበልጥ ሱቅ ውስጥ የተቀመጠ፣ ግንባሩ ላይ መብራት ያሰረ ሰው ነው። ቁልፏን ጫን ጫን አደረጋት።

«እህቴ፣ የዚህ ዕቃው አይመጣም። ፈትቼ ባስነሳትም ሳምንት አትቆይልሽም» አላት። «ከፈለግሽ ያለ ቁልፍ እንዲሠራ ላድርግልሽ።»

ወደ ሴቲንግ ገብቶ አንድ ሁለት ነገር ነካካ፤ መስታወቱ ላይ አመድማ ክብ ነጥብ ብቅ አለች። የትም ቢገባ ነጥቧ አብራ ትሄዳለች፣ ሲነኳት ወደ መጀመሪያው ገጽ ትመልሳለች። ልጅየዋ ደስ ብሏት አባቷን አስተምራ፣ ሦስት ጊዜ አስሞክራ ሄደች። በማግስቱ ደወሉ።

«ልጄ፣ ይቺን ነገር አንሺልኝ።»

«የቷን፣ አባባ?»

«ዝንቧን። እናትሽ ጉንጭ ላይ አርፋ አልነሳ አለች።»

«ዝንብ አይደለችም እኮ፣ መውጫህ ናት። ጎተት አድርገህ ወደ ዳር አስቀምጣት።»

«ጎተትኳት። ኮሌታዋ ላይ ሄደች። ከኮሌታዋ ስላት እጇ ላይ። እናትሽ ዝንብ እንዴት እንደምትጠላ አጣሽው?»

«ታዲያ እንዴት ልትወጣ ነው?»

«እኔ ለመውጣት አልቸኩልም፣ አንሺልኝ።»

በእረፍት ቀኗ ሄዳ አነሳችላቸው። ምን ታድርግ፣ የአባት ነገር። ጥሩምባ ይህን ሲሰማ መኪናውን ዳር አቁሞ ሳቀ። ለዳቦ ቤቱ ሰዎች ሁሉ አወራው። «አባባ እየወጣ ነው» የሚለውም ከዚያ ጀምሮ የቤቱ ቋንቋ ሆነ። ስልኩ ዝግ ሲሆን ትንሽ ጠብቆ መደወል ነው፤ እሳቸውም «ወጣሁ ወጣሁ» እያሉ ያነሳሉ። እያደር ዝግ መሆኑ ራሱ የደህንነት ምልክት ሆነ። ተነስተዋል፣ መነጽራቸውን አድርገዋል፣ ከሚስታቸው ጋር ተጨዋውተዋል ማለት ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ሳቁን መጀመሪያ ያቆመችው ልጅየዋ ናት። አንድ እሑድ ከአባቷ ጋር ደረጃ ስትወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆም አሉ። ግድግዳውን ተደግፈው፣ ጨርቅ የሚመርጡ ይመስል ቀለሙን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ። ትንፋሽ አጥሯቸው እንደሆነ ገባት።

«ምን ሆንክ?»

«ምንም። የግድግዳው ቀለም ያምራል።»

ሐኪም ዘንድ እንሂድ ብትል ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሯት። እሷም ያኔ አስማለቻቸው። ትንሽ እንኳን ነገር ከተሰማህ ወዲያው ትደውልልኛለህ፣ ሥራ ላይ ነች አትበል አለቻቸው። «እደውላለሁ» አሉ፤ ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም። የልብስ ማጠቢያው ሠራተኛ ስልኩን በር ላይ ካለው ሳጥን አስቀምጦ ነው የሚገባው፤ እሷ ግን አለቃዋን ለምና ያን ሳምንት በሽርጧ ኪስ እንድትይዝ ተፈቀደላት። ቀኑን ሙሉ አንሶላ እየዘረጋች አንድ ጆሮዋ ኪሷ ውስጥ ነበር። የፈራችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባቷ ሲፈልጓት እንዳያጧት።

ሐሙስ ዕለት ሆቴሉ በእንግዳ ተጨናንቆ አንሶላው ተራራ ሆነ። ጠዋት ሥራ ሳትጀምር ደወለች፤ ዝግ ነው። ፈገግ አለች፤ ተነስቷል ማለት ነው። በምሳ ሰዓት ደገመች፤ ዝግ ነው። አሁን ፈገግታው ቶሎ አልመጣላትም። ቆይታ ስትሞክርም ያው ሆነባትና ለወንድሟ ደወለች።

«አባባን አግኝተኸዋል?»

«ቅድም ሞክሬ ዝግ ነው። እየወጣ ነዋ!»

«ከጠዋት ጀምሮ?»

«እትዬ፣ ዛሬ ኮሌታውን ሊያቃናው ቆርጦ ተነስቶ ይሆናል። ዝግ ከሆነ ደህና ነው፣ አንቺ ካውያሽን ያዢ።» ከኋላው የመኪና ድምፅ ይሰማል። «ማታ ዳቦ ይዤለት አልፋለሁ፣ አንቺም ነይ።»

ልቧ አላመነም፣ ጆሮዋ ግን ማመን ፈለገ። አለቃዋን «ልሂድ» ለማለት ሁለት ጊዜ ከካውያው ተነሳች፤ ሁለት ጊዜም «ስልኩ ተዘጋ ብዬ?» እያለች ተመለሰች። በዚህ ዓለም ላይ አባቴ ስልክ አላነሳም ብሎ ማስፈቀድ ያቃተው ሰው ቢኖር እሷ ናት፤ የአባቷ ስልክ መዘጋት በቤታቸው ዜና አልነበረማ። አንሶላዋን ተኮሰች፣ አጠፈች፣ ደረደረች።

ሥራ እንዳበቃ ሽርጧን ሳትፈታ ወጣች። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ደረጃውን እንዴት እንደወጣች አታውቀውም። አንኳኳች፤ ዝም። ያላትን ትርፍ ቁልፍ አውጥታ ከፈተች።

አባቷ በስፌት መኪናቸው አጠገብ፣ በመስኮቱ በኩል ወንበራቸው ላይ ነበሩ። መነጽራቸው አፍንጫቸው ላይ አለ። ራሳቸው ወደ ትከሻቸው ዘንበል ብሏል። የተኙ መሰሏት ማለት ውሸት ነው፤ ከበሩ ሆና አውቃለች። ሄዳ እጃቸውን ያዘች፤ ቀዝቅዟል። ካውያ የለመደ እጇ ያን ቅዝቃዜ አልቻለውም። ወለሉ ላይ ተቀምጣ ጉልበታቸውን አቅፋ «አባዬ፣ አባዬ» እያለች አለቀሰች። አባዬ ብላ የጠራቻቸው ሕፃን ሳለች ነበር።

ለወንድሟ ደወለችለት። ምን እንዳለችው አታስታውስም፤ «መጣሁ» ሲል ብቻ ሰማች። ስልኳን ስታስቀምጥ የአባቷን ስልክ አየችው። ከመኪናው መርገጫ ሥር ወድቋል። አነሳችና የጎኑን ቁልፍ ተጫነች። ፎቶ አልነበረም። ስልኩ ዝግም አልነበረም። መስታወቱ ላይ እንዲህ ይላል፦ የሲም ኮድ ያስገቡ። አንድ ሙከራ ቀርቷል።

ሦስት ሙከራ እንደሚፈቅድ ታውቃለች።

ነገሩ ቀስ ብሎ ገባት፤ ባይገባት ምንኛ በወደደች። አባቷ ፎቶው ውስጥ ሳሉ ሕመሙ መጣ። ቃላቸውን አስታወሱ፣ ሊደውሉላት ፈለጉ። ለመደወል ግን መጀመሪያ ከሚስታቸው ፎቶ መውጣት ነበረባቸው፣ ለመውጣት ደግሞ ማጥፋት። አጠፉ። ደረታቸውን ይዘው ያ ሰነፍ ስልክ ተንጠራርቶ እስኪነሳ ጠበቁ። ተነሳና ኮድ ጠየቃቸው። የሚስታቸውን የልደት ዓመት፣ በየቀኑ ሳይሳሳቱ የሚመቱትን አራት ቁጥር፣ በሕመሙ መሀል ተሳሳቱት። ደገሙት፤ ተሳሳቱት። ሦስተኛው አልደረሰላቸውም። እሷ በዚያ ሰዓት ሽርጥ ኪሷ ውስጥ ስልክ ይዛ ቆማ ነበር። ደውላም ነበር። ዝግ ነው ተብላ ፈገግ ብላለች።

ይህን ፈገግታ ከፊቷ ላይ ቆዳዋን ልጣ ብታነሳው በወደደች።

ከታች የዳቦው መኪና ቆመ፣ በር ተወረወረ። ወንድሟ ደረጃውን እየሮጠ ነው። ኮዱን ያስገባው እሱ። «እየወጣ ነው፣ ካውያሽን ያዢ» ያላት እሱ። ያ ልጅ አፉ እንጂ ሆዱ ጠንካራ አይደለም፤ ይህን ካየ ሰው ሆኖ አይኖርም። እንባዋን በሽርጧ ጠረገች። አራቱን ቁጥር ቀስ ብላ አስገባች፤ አልተሳሳተችም። ስልኩ ተከፈተ። እናቷን ፈልጋ አወጣቻትና ኮሌታዋ እስኪታይ አቀረበቻት። ስልኩን የአባቷ ጭን ላይ፣ ከእጃቸው ሥር አኖረችው።

ጥሩምባ ገባ። ድምፁ ጠፍቷል። አባቱን አየ፣ ስልኩን አየ፣ ከዚያ ወደ እህቱ ዞረ።

«ሊደውልልን ፈልጎ ነበር?» አላት። እንደ ሕፃን ነው የጠየቃት።

«አይደለም» አለችው። «እማማን እያየ ነው ያረፈው። ምንም አልተሰማውም።»

ወንድሟ መሬት ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ለቅሶው ግን የሚተነፍስ ሰው ለቅሶ ነበር። እሷ ቆማ አየችውና የቀረውን ሆድ ይፍጀው አለች።

በሐዘኑ ሰሞን ቤቱ በሰው ሞላ። ጎረቤት መጣ፣ ዳቦ ቤቱ መጣ፣ ከልብስ ማጠቢያው ሴቶቹ ከነአለቃቸው መጡ። ጥሩምባ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ለገባው ሁሉ ያንኑ ይነግራል፤ አባቱ ፎቶዋን በእጃቸው እንደያዙ፣ ሕመም ሳያውቁ፣ ማንንም ሳይጠሩ እንደሄዱ። በእግሩ ያቆመው ይህ መናገሩ ነበርና ማንም አላስቆመውም። በየመጨረሻው ወደ እህቱ ይዞራል።

«አይደል፣ እትዬ?»

«ነው» ትላለች።

አንድ ቀን የታችኛው ፎቅ አሮጊት ይህን ሰምተው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «እንዲህ ያለውን አሟሟት ለሁላችንም ይስጠን» አሉ።

ሁሉም «አሜን» አለ። ወንድሟ እያያት ነበርና እሷም «አሜን» አለች።