የሃምሳ አለቃ ገድሉ ሱፍ

ሃምሳ አለቃ ገድሉ በሕይወት ዘመኑ ሱፍ ለብሶ አያውቅም። የተሞሸረው እንኳ በወታደር ልብሱ ነው። አሁን ግን ባሕር ዳር ሹም አቦ ሰፈር ባለው ቤቱ፣ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ፣ ጥቁር ሱፍ ለብሶና ቀይ ከረባት አስሮ ተሰቅሏል። ፎቶውን እንዲህ ያሠራችው ልጁ መሲ ናት። እንግዳ ሁሉ የት መሥሪያ ቤት እንደነበር ይጠይቃል፤ እሷም ዓይኗን በጨው አጥባ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር ትላለች። ውሸት እንዳይባል የላከው መንግሥት ነው፤ መላኩን እንጂ መመለሱን አላሰበበትም።

ሚስቱ ወይዘሮ ወለላ ይህን በሰሙ ቁጥር ይቆጫቸዋል። በማን ይፍረዱ? ጥፋቱ የራሳቸው ነው። ገድሉ ሰሜን ጦር ግንባር ከሞተ በኋላ፣ በሰማንያ ሦስት፣ አሸናፊዎቹ ባሕር ዳርን ሲይዙ የወታደር ቤት ሁሉ ይፈተሻል ተባለ። እሳቸውም መቀስ አነሡና ካላቸው አንድ ፎቶ ላይ ከአገጩ በታች ያለውን ቆርጠው ምድጃ ውስጥ ጨመሩት። ፈታሹ ሳይመጣ ቀረ። ገድሉ መቃብር የለው፣ ወታደር ለመሆኑ ከዚያች ፎቶ ሌላ ምስክር አልነበረውም።

ዘንድሮ ታዲያ ቆርጠው ተነሡ። መሲ ሥራ ስትሄድ ጠብቀው ፎቶውን ከግድግዳ አወረዱና ፎቶ ቤት ወሰዱት።

"ልብሱን መልስልኝ ልጄ" አሉት ፎቶ አንሺውን ግሩምን። "የቆረጥሁበት እኔ ነኝ።"

ግሩም ደግ ልጅ ነው። የድሮ ወታደሮች ፎቶ ከኢንተርኔት ፈላልጎ፣ ይሄ ነው ወይስ ያ እያለ ጠይቆ፣ ገድሉን ከነማዕረጉ ኮምፒውተሩ ላይ አመጣላቸው። ወይዘሮ ወለላ አለቀሱ። ባላቸውን በወታደር ልብሱ ካዩት ሠላሳ አራት ዓመት ሆኗቸው ነበር።

ግሩም መጠኑን ሊወስን የት እንደሚሰቅሉት ጠየቃቸው። ሳሎን አሉት። ልጁ ድምፁን ቀነሰ።

"ማዘር፣ ዘንድሮ ይህን ልብስ የለበሰውም፣ በለበሰው ላይ የሚተኩሰውም ሰው ቤት እየገባ ይፈትሻል። መቼ ሞተ ብሎ የሚጠይቅዎት የለም። እኔ እናቴ ቤት አልሰቅለውም።"

ባለፈው ሳምንት የተሰማው ተኩስ ከቤታቸው ሩቅ አልነበረም። መሲና ልጆቿ የሚተኙት ከሳሎኑ ቀጥሎ ባለው ክፍል ነው። በሰማንያ ሦስት ልጅ ነበርሁ፣ ሕፃን አዝዬ ነበር ብለው ራሳቸውን ያጽናኑ ነበር። ዛሬ በስልሳ ዓመታቸውም ያው ፈሩ፤ በራሳቸው አፈሩ።

"ሱፉን መልስበት" አሉት።

ግሩም መለሰበት። ደግነቱ አላስችል ብሎት ግን የወታደሩን ፎቶ አላጠፋውም፤ ሰላም ሲሆን ይወስዱታል፣ እስከዚያው ኮምፒውተሬ ውስጥ ላስቀምጥልዎት አላቸው። ወይዘሮ ወለላ የሱፉን ፎቶ በነጠላቸው ጠቅልለው በሩ ድረስ ከሄዱ በኋላ ተመለሱ። ኮምፒውተሩም ቢፈተሽስ ብለው አሰቡ።

"አጥፋው" አሉት፤ እስኪያጠፋውም ቆመው ጠበቁ።