በጋሽ መሸሻ ግቢ ያለፈችው መስመር

ሌሊሴ ሥዕሏን ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቅላ ሳትጨርስ አባቷ ጉዲሳ ፍርዱን ሰጥቶ ነበር። ነጭ ወረቀት፣ ጥቁር ቀለም፣ የሚሮጡና የሚጠማዘዙ መስመሮች። ሰው የለ፣ ዛፍ የለ።

"ቀለም የፈሰሰበት ወረቀት ነው" አለ።

"አባዬ፣ ይቺን ወፍራሟን መስመር እያት። እዚህ ጋ ትፈራለች፣ እዚህ ጋ ትቆጣለች።"

"መስመር ትፈራለች? ማን ምን አድርጓት?"

ሌሊሴ ቱግ አለች። ጽጌረዳ ከነማሰሮው ካልተሳለ ሥዕል ለማይመስለው አገር ማን ይሳልለታል! ጉዲሳ ክርክሩ ሲሰለቸው ከእሷ ጋር ተወራረደ፤ እስከ ማታ በዚህ በር የሚገባ አንድ ሰው በዚህ ወረቀት ልቡ ከተነካ ሥዕል ትማራለች፤ ካልሆነ አካውንቲንግ።

በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታቸው ጋሽ መሸሻ መሰላል ሊዋሱ ነበር የመጡት። ሌሊሴ ተስፋ ቆረጠች፤ የእሳቸው ግድግዳ ከጎማ ቤት ካላንደር በቀር ሌላ አያውቅም።

ጋሽ መሸሻ ግን ሰላምታቸውን ሳይጨርሱ ወረቀቱ ላይ ፈዘው ቀሩ። ኮፍያቸውን አወለቁ። ተጠግተው ወፍራሟን መስመር በጣታቸው ተከተሏት።

"ስትነሳ ረጋ ብላ ነበር" አሉ፣ ድምፃቸው ሰልሎ።

"አዎ!" አለች ሌሊሴ።

"እዚህ ስትደርስ አመነታች። ከዚያ ምን እንደነካት እንጃ፣ ጨክና ቁልቁል!" ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ሌሊሴ አባቷን በድል አየችው። "ጋሼ፣ ምን ተሰማዎት?"

"ምን ይሰማኛል ልጄ? ማድቤቴን ይዛው ሄደች!" ወደ ጉዲሳ ዞሩ። "ይወጣል የተባለው የሰፈሩ መንገድ ለሰው ሳይነገር ተወሰነ? አንተስ ፕላኑን ከየት አመጣኸው? ወረዳ ሰው አለህ እንዴ?"

ጉዲሳ ሶፋው ላይ ተዘርፍጦ ሳቀ።

"ፕላን አይደለም፣ ሥዕል ነው!" ጮኸች ሌሊሴ። "የሳልኩትም እኔ ነኝ!"

"አንቺ?" ጋሽ መሸሻ በአጥር ድንበር ከተኳረፉት ከሌላው ጎረቤት ከጉተማ ግቢ በኩል ያለውን መስኮት ገርመም አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እንግዲያ ቀለሙ ካለሽ፣ ትንሽ ወደ ጉተማ ጠምዘዝ አድርጊያት።"

"አባዬ፣ ልባቸው ተነክቷል አልተነካም?"

"ማድቤታቸው ነው እንጂ የተነካው!"

"ኧረ ልቤም!" አሉ ጋሽ መሸሻ ደረታቸውን ይዘው። "ይኸው ይመታል፣ ንካው!"

ጉዲሳ እየሳቀ ተነሳ። ከዚያም ለመጀመሪያ ጊዜ ወረቀቱን ተጠግቶ አየው፣ ሳቁም ቀስ እያለ ጠፋ።

"እውነትም" አለ፣ "እዚህ ጋ አመንትታለች።"

"ወደ ጉተማ ልትሄድ ነበራ!" አሉ ጋሽ መሸሻ።