የተደፈነው ቀዳዳ

ዘንድሮ የመንፈስ ቅዱስ ዘውድ ዕጣ ለዣሲንቶ ወጣ። የብሩ ዘውድ ከእሑድ እስከ እሑድ በቤቱ ይሰነብታል፤ መንደርተኛው ሁሉ እየመጣ ይጸልይበታል። በሳን ሚጌል ደሴት ከዚህ የሚበልጥ ክብር የለም፤ አባቱ እንኳ ይህን ዕጣ እንደተመኘ ነው የሞተው። ዣሲንቶ ሳሎኑን ኖራ ቀባ፤ የዘውዱን መቀመጫ ነጭ በነጭ አለበሰው።

በማግስቱ ነጩ ጨርቅ ላይ ከኮርኒሱ ጥቁር ኩስ ተንጠባጥቦ አገኘ።

«የሌሊት ወፎችህ ባርከውልሃል» አለችው አማቱ ኤውላሊያ። «ዘውዱ ሲመጣ ጃንጥላ ያዝለት።»

ዣሲንቶ ጨካኝ ሰው አይደለም፤ ይህንንም ለራሱ ደጋግሞ ይነግረዋል። ዱላ አላነሳም፣ ጭስ አላጨሰም። የሌሊት ወፍ ስሟ ነው እንጂ በዚህ ደሴት ቀን በፀሐይም ትበራለች። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ካለችው ቀዳዳ አንድ በአንድ እየሾለኩ፣ ትንኝ ሊለቅሙ ወደ ተራራው የአስታና የጥድ ደን አቀኑ። የመጨረሻዋም ስትወጣ መሰላሉን አቁሞ ቀዳዳውን በሲሚንቶ ደፈነው።

«አንዲት ነፍስ ሳላጠፋ ገላገልኩሽ» አላት ሚስቱን ኢልዳን። «ያ ሁሉ ደን እያለላቸው እኔ ቤት ምን ይሠራሉ?»

ኢልዳ አራስ ነበረች። ሕፃኑን እያጠባች ፈገግ ስትልለት ልቡ ቅቤ ጠጣ።

ወፎቹ ሳይመሽ ተመለሱ። ከሲሚንቶው እየተላተሙ ይወድቃሉ፣ ይነሣሉ፣ ደግሞ ይላተማሉ። አርብም እንዲሁ፣ ቅዳሜም እንዲሁ።

«ምን ዓይነት ደረቆች ናቸው በእግዚአብሔር?»

«ካንተ ጋር ኖረው ሌላ ምን ይማሩ?» አለች ኤውላሊያ።

ኢልዳ ግን ኮርኒሱ ውስጥ የሆነ ቀጭን ድምፅ እንደምትሰማ ነገረችው። አይጥ ነው፣ ከበዓሉ በኋላ ወጥመድ አደርጋለሁ አላት። ቅዳሜ ማታ ድምፁ ጠፋ፤ እሰይ፣ ተገላገልን አለ።

እሑድ ጠዋት ዘውዱን የሚያመጣው ሰልፍ ከበሮ ከታችኛው ሰፈር ሲሰማ ዣሲንቶ አዲስ ልብሱን ለብሶ ደጃፉ ላይ ቆመ። አንዲት የሌሊት ወፍ ከግድግዳው ተላትማ እግሩ ሥር ወደቀች። ኢልዳ በፎጣ አንሥታ ገለበጠቻት፤ ሆዷን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ዣሲንቶ፣ ይቺ እኮ ታጠባለች። ጡቷን እየው።»

ወዲያው መዶሻውን ይዞ ወደ መሰላሉ ሮጠ፤ አዲስ ልብሱ ላይ አቧራ እየፈሰሰበት ሲሚንቶውን ፈረከሰው።

ከሲሚንቶው ጀርባ እዚያው ተከምረው አገኛቸው። ፀጉር ያላበቀሉ፣ አውራ ጣት የማያክሉ ግልገሎች፣ ብርሃን ይገባባት ወደነበረችው ቀዳዳ ተስበው መጥተው እርስ በርስ እንደተቃቀፉ ደርቀዋል። እናቶቹ ሰውዬውን ከምንም ሳይቆጥሩ በፊቱ አጠገብ ሽው እያሉ ገቡ። እያንዳንዷ ክምሩን እያሸተተች የራሷን ትፈልግ ጀመር።

ሰልፉ ደረሰ። ከበሮው ቆመ።

«አንተ ሰውዬ፣ ውረድ እንጂ! ዘውዱ ደጅህ ላይ ነው» አለች ኤውላሊያ።

ኢልዳ ሕፃኑን አቅፋ ከመሰላሉ ሥር ቀና ብላ ታየዋለች። «የተረፈ አለ?» አለችው በቀስታ።

ዣሲንቶ የለም ሲል ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ዘውዱን የያዘውን ሽማግሌ ቁልቁል አየው።

«ወደ ሌላ ቤት ውሰዱት» አለ።