አጅሬን የቆረጠች እጅ

የቧንቧ ሠራተኛው ሲሞት ለልጆቹ የተረፋቸው አንድ ብረት መቆንጠጫ ሞርሳ፣ አንድ የብረት መጋዝ ሰጌቶና አንድ አጅሬ ነው። አጅሬ ሰው አይደለም። ከውሃ ቧንቧ የተሠራ፣ ወገቡ ላይ የተጠማዘዘ፣ ሆዱ ላይ ቀዳዳ የተደረደረለት የሚነፋ ነገር ነው። ሳክስፎን ልሁን ጥሩምባ ልሁን እያለ ያመነታል፤ የቀናው ዕለት ግን ድንጋይ ያስለቅሳል።

የሚነፋው ታላቅ ወንድምየው ነው። እህቱ፣ ሰፈሩ «እመት ሳፋ» የሚላት፣ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ደፍታ፣ የመጥረጊያ እንጨት አቁማ፣ የብስክሌት ፍሬን ገመድ ወጥራ ለራሷ ባስ ሠርታለች። ማንም አላስተማራትም፤ ይህንንም ሳትጠየቅ ትናገራለች። አጎታቸው የቀለም ጣሳ ደርድሮ ይመታል። ሦስቱ ሆነው የድሮ የገጠር ዜማ ያነሡና በጃዝ ያጣምሙታል። «ጨዋ ልጅ ማባለግ ነው» ይላል አጎት፣ ደስ እያለው።

ቤቱ አንድ ሕግ ነበረው፦ ሁሉም በአጅሬ ይቃኛል። ቧንቧ አይወጠር፣ አይላላ። ስለዚህ ገመዱም ጣሳውም ወደ እሱ ይመጣሉ እንጂ እሱ ወደማንም አይሄድም። አባትየው እንዲህ አድርጎ ነው ሠርቶት የሄደው።

አንድ ቀን ወንድምየው ከትልቁ ሆቴል ተመለሰና አጅሬን ሞርሳው አጠገብ አጋደመው።

«ለአዳራሹ ቡድን ይፈልጋሉ። ከፒያኖ ጋር ነው የምንጫወተው» አለ።

«ሦስታችንም?» አለች እመት ሳፋ።

«ሦስታችንም። ግን የአጅሬ ድምፅ ከፒያኖው ትንሽ ይወርዳል። ከጫፉ ሁለት ጣት ያህል ቢቆረጥ ይገጥማል።»

«ፒያኖው ለምን ወደኛ አይወርድም?»

«እሺ፣ ሄደሽ ንገሪው።»

አጎት ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። «ታዲያ ቁረጠዋ» አለችው።

«እኔ እጄ ይንቀጠቀጣል። የአባዬ እጅ የተረፈው አንቺ ላይ ነው።»

ከዚህ አፍ ሙገሳ ወጥቶ አያውቅም። ሲወጣ ደግሞ ልክ የሚያሳክካት ቦታ ላይ አረፈ። ቧንቧውን አነሣች፣ አገላበጠችው። ገመድ ሲያጥር ድምፁ ይቀጥናል፤ ከላይ እስከ ታች ሁሉም እኩል ይነሣል። ይህን ከሳፋዋ ላይ በጣቷ ተምራዋለች። ቧንቧስ ቢሆን ምንድን ነው፣ የአየር ገመድ አይደል?

«ልጄ፣ አባትሽ የተወውን ባትነኪው» አለ አጎት።

«አንተ ጣሳህን ምታ፣ አጎቴ።»

ሞርሳው አጅሬን ነከሰ። ሰጌቶው ሲሄድ ሲመጣ ወንድምየው በሩ ላይ ቆሞ መንገዱን ያይ ነበር። የተቆረጠችው ቀለበት ወለሉ ላይ ተንከባለለች። ጫፉን በሞረድ አለሰለሰችውና «ያውልህ፣ እንቁላል አስመስዬልሃለሁ» አለች፣ ኮራ ብላ።

የሆቴሉ አዳራሽ ምንጣፉ የሰው ኮቴ ይውጣል። ሳፋዋን ስታስቀምጥ እንኳ አልጮኸም። ፒያኖ ተጫዋቹ አንዱን ቁልፍ ነካ አደረገ። ወንድምየው ቀዳዳዎቹን በሙሉ ደፍኖ ነፋ፤ ወፍራሙ ድምፅ ፒያኖው ላይ እንደ ክዳን ገጠመ። እመት ሳፋ ወደ አጎቷ ዞራ ቅንድቧን አነሣች።

ከዚያ ወንድምየው አንድ ጣት አነሣ። ሁለተኛውን አነሣ። አጅሬ ከፒያኖው ጋር ብቻ ሳይሆን ከራሱም ጋር ተጣላ። ቀዳዳዎቹ አባቷ በበሳቸው፣ ለድሮው ርዝመት በለካቸው ቦታ ናቸው። ሰጌቶዋ የነካው የመጨረሻውን ወፍራም ድምፅ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ እንደነበረ ቀርቷል፤ ዜማው መሐል ላይ ጥርሱ እንደወለቀ ሰው ያፏጫል።

«ምንም አይደል፤ የኛ ሳክስፎን አለ» አለ የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ፣ ሳይደነግጥ።

የሳክስፎኑ ጥቁር ሣጥን ተከፈተ። ክዳኑ ውስጥ መሐረብ ታጥፏል፤ ጠርዙ በሰማያዊ ክር የተዘመዘመ። ለወንድሟ ብላ የዘመዘመችው እሷ ናት። ወንድምየው ማንገቻውን አንገቱ ላይ አጠለቀ፤ ሳያስረዝመው ሳያሳጥረው ልኩ ሆነ። ቁልፎቹን ሳያይ ነፋ። የነፋው ደግሞ የአባታቸውን ዜማ ነው፣ ንጹሕ፣ እንከን የሌለው፣ እንደ ምንጣፉ።

ውጭ፣ የሠራተኞች መግቢያ በር ላይ ያዘችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«መሐረቤን ከሣጥን ውስጥ አየሁት።»

እጁን ወደ በሩ እጀታ ሰደደ።

«ከጫፉ ሲቆረጥ ምን እንደሚሆን ታውቅ ነበር። እኔ የገመድ ሰው ነኝ፣ ተሳሳትኩ። አንተ ግን ዕድሜህን ሙሉ ስትነፋው ኖረሃል።»

«አጅሬ ደኅና እያለ ትቼው ብሄድ ትለቂኝ ነበር? ሰፈሩስ? የአባቱን ጥሎ ለባለ ሱፍ ገባ አይለኝም?»

«አሁንስ ምን ሊልህ ነው?»

«አሁንማ ተበላሸ።»

«ማን አበላሸው?»

ጫማውን አየ። «የቆረጥሽው አንቺ ነሽ» አለ፣ ቀስ ብሎ። ደግሞም ጨመረ፦ «ስላንቺም ጠይቄ ነበር። የእንጨት ባስ የሚጫወት ሰው አለን አሉ።»

«ለኔ አትለምን። ልብስ ታጥብበታለች በላቸው።»

ሳፋዋን ጭንቅላቷ ላይ ደፍታ ሄደች። አጎት ጣሳዎቹን እያንኳኳ ከኋላ ተከተላት። ብዬሽ ነበር አላለም፤ ቢላት ይሻላት ነበር።

ቤት ገብታ ቀለበቷን ከሞርሳው ሥር፣ ከብረት ብናኝ ውስጥ ፈልጋ አወጣች። ጫፉ ላይ መልሳ ገጠመችና በብስክሌት ካላማዳሪ ላስቲክ ጠቅልላ አሰረችው። አፏን አስጠግታ ነፋች። ትንፋሽ ብቻ ወጣ። እንደገና ነፋች። ወፍራሙ ድምፅ መጣ፣ የድሮው፣ በላስቲኩ በኩል ትንሽ እየተንጣጣ። የተደፋው ሳፋ ከጎኗ አብሮት ነዘረ።

አንድ ጣት አነሣች። አጅሬ ተንፈስ ብሎ ዝም አለ። ሌላ ሞከረች፤ እንደዚያው። እነዚያን ቀዳዳዎች የሚያውቃቸው ሰው ሆቴል ነው ያለው።

አጎት ጣሳውን ሳበና «በይ ስጪኝ፣ ልቃኝ» አላት።

ያችኑ አንዷን ወፍራም ድምፅ ሰጠችው። ደገመችለት። ሌላ የምትሰጠው አልነበራትምና ከንፈሯ እስኪያብጥ ያችኑ ነፋች።