የሊበን ጉድጓድ

ስምረት ነዳጅ ልትፈልግ ድሬዳዋ ከመጣች ወዲህ አባቷ አቶ ወልደ ማርያም ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው ያልነገሩት ሰው አልነበረም። ልጄ ድሬን ኩዌት ታደርጋታለች ይላሉ። ጡረተኛ ወሬ ካገኘ ማን ያስጥለዋል።

ስምረት ጂኦሎጂስት ናት። ቡድኗ ከከተማው በስተሰሜን ያለው ስምጥ ሸለቆ ነዳጅና ጋዝ ይኖረው እንደሆነ ሲያጠና ከርሟል። ውጤቱ ደስ አይልም። ነዳጅ ሊያፈልቅ የሚችለው ድንጋይ ከሥሩ ባለው የእሳተ ገሞራ ሙቀት ከልክ በላይ በስሏል፤ የነበረም ካለ ተቃጥሎ አልቋል። የቀረቻቸው ተስፋ የሊበን የውሃ ጉድጓድ ነበረች።

ሊበን ከተማው ዳር፣ አንድ የፈረሰ የባቡር ማደሻ አጠገብ ቲማቲም የሚያለማ ሰው ነው። ጉድጓዱን በገዛ እጁ ቆፍሮ ውሃ ባገኘ ማግስት ውሃው ላይ ዘይት ተንሳፈፈ። ጎረቤት ነዳጅ ነው አለው፤ እሱም አመነ። ጉድጓዱን በእሾህ አጥሮ፣ ማጠጣቱን ትቶ፣ መንግሥትን መጠበቅ ጀመረ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው፤ ቲማቲሙ ግን እዚሁ ምድር ላይ ደረቀ።

ከጉድጓዱ የወሰደችው ናሙና ውጤት ሲመጣ ስምረት ልትነግረው ሄደች። አባቷ ምኑንም ሳያውቁ ነዳጁን ካላየሁ ብለው ተከተሏት። መንገዱን ሙሉ ሲያወሩ መጥተው ማደሻው ጋ ሲደርሱ ጸጥ አሉ።

"ነዳጅ አይደለም ሊበን" አለችው። "የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነው። ድሮ ባቡር ሲታደስ እዚህ መሬት ላይ ሲደፉት ኖረዋል።"

"አቦ፣ በቃ ውሃውን ልጠጣዋ።"

"አይጠጣም። ለአትክልትም አይሆንም።"

ሊበን ከሁለት ያጣ ሆነ። ሄዶ የእሾህ አጥሩን ይነቅል ጀመር። ስምረት ወደ አባቷ ዞረች። ባቡር ላይ እንደሠሩ ታውቃለች፤ የት የት እንደተመደቡ ግን ጠይቃ አታውቅም። አሁን ፊታቸው አመድ መስሏል።

"አባዬ፣ እዚህ ነበርክ?"

"አለቃው ነበርኩ" አሉ በሹክሹክታ። "ድፉት ያልኩትም እኔ ነኝ። ታዲያ የት ይውሰዱት?"

ሊበን ተመልሶ ከፊታቸው ቆመ። በእሱ ወገን የሽማግሌ እርግማን መሬት ጠብ አይልም።

"አባ፣ አንተ ሽማግሌ ነህ" አላቸው፤ ድሬ አንቱታ አታውቅም። "ይሄን የደፋውን ሰው እርገምልኝ።"

ስምረት አባቷ እውነቱን እንዲያወጡት ጠበቀች። እሳቸው እጃቸውን ዘረጉ።

"እጁ ይድረቅ" አሉ።

"አሚን። ዘሩንም ጨምርበት አባ።"

የአቶ ወልደ ማርያም ዓይን ስምረት ላይ አረፈ። ከእሷ ሌላ ልጅ የላቸውም። እኔ ነኝ ቢሉ ይበቃ ነበር፤ ሊበን ክፉ ሰው አይደለም፣ ተቆጥቶ ይቅር ይል ነበር። ያ ሁሉ የከዚራ ክብር ግን እንዴት ይውደቅ!

"ዘሩም አይባረክ" አሉ።

ሊበን አሚን ብሎ የስምረትን አሚን ጠበቀ። እሷም አባቷን እያየች አሚን አለች።